ጣሪያውን መጨረሻ ላይ እዩት፦ የካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ቤተ ጸሎት አሠራር

እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ቤተ ጸሎት የገባ ሰው ሁሉ በሩን እንዳለፈ አንገቱን ወደ ላይ ያንጋጥጣል። አይፈረድበትም፤ የማራገቢያ ቅርጽ ካላቸው የድንጋይ ጣሪያዎች በዓለም ትልቁ ያ ነው። ሕንፃው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ የሚፈልግ ግን ጣሪያውን መጨረሻ ላይ ቢያየው ይሻለዋል። ግንባታው የተጀመረው በ1446 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ የድንጋዩ ሥራ ያለቀው በ1515 ነው። በነዚህ ዓመታት መካከል ስድስት ነገሥታት በዙፋኑ ተፈራርቀዋል፤ ሥራው ገንዘብ ሲገኝ ይቀጥላል፣ ሲጠፋ ይቆማል። የቆመበትም የቀጠለበትም ቦታ ግድግዳው ላይ በግልጽ ይነበባል። ያ ዝነኛ ጣሪያም በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ አልነበረም።

ንባቡን ከውጪ፣ ከደቡቡ ግድግዳ መጀመር ጥሩ ነው። ግቢው ውስጥ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ከግድግዳው ወደ ውጪ የወጡትን ደጋፊ ግንቦች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተከተሏቸው። ከታች ያለው ድንጋይ ነጣ ያለ ነው፤ ከላይ ያለው ወደ ቡናማ ቢጫ ያደላል። ነጩ የመጣው ከዮርክሻየር፣ ከታድካስተር አካባቢ ነው፤ ማግኒዚየም የበዛበት የኖራ ድንጋይ። ቢጫው ከኖርዛምፕተንሻየር ነው፤ ኪንግስ ክሊፍና ዌልደን ከሚባሉ ቦታዎች። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። በምሥራቁ ጫፍ ከፍ ይላል፣ ወደ ምዕራብ እየወረደ ይሄዳል። ምክንያቱም ግንበኞቹ ከመሠዊያው በኩል ጀምረው ወደ ኋላ እየገነቡ ስለነበር፣ ሥራው ሲቋረጥ ምሥራቁ ከፍ ብሎ ምዕራቡ ገና ከመሬት ብዙም አልተነሣም ነበር።

ሥራውን ያቋረጠው ጦርነት ነው። መሥራቹ ሄንሪ ስድስተኛ በ1461 ከዙፋኑ ሲወርድ ገንዘቡም አብሮ ደረቀ። ኤድዋርድ አራተኛ ዘግየት ብሎ ጥቂት ሰጠ፤ ሪቻርድ ሦስተኛ ከዚያ የተሻለ ገፋበት፤ በ1485 እሱ በጦር ሜዳ ሲሞት የቤቱ ርዝመት ከሚከፈልባቸው አሥራ ሁለት ክፍሎች በምሥራቅ ያሉት አምስቱ ብቻ የእንጨት ጣራ ለብሰው ነበር። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ዝም። ሄንሪ ሰባተኛ በ1508 ሥራውን አስቀጠለ፣ በሚቀጥለው ዓመት 5,000 ፓውንድ ሰጠ፤ ከሞተ በኋላም የኑዛዜው አስፈጻሚዎች ሌላ 5,000 ጨመሩ። ሕንፃውን ያስጨረሰው ይህ ገንዘብ ነው።

ገንዘብ ሰጪው ሲለወጥ ጠባዩም ተለወጠ። ሄንሪ ስድስተኛ በ1448 ስለ ግንባታው የሚፈልገውን የጻፈበት ሰነድ እስከ ዛሬ አለ፤ ርዝመቱ 288 ጫማ፣ ስፋቱ 40 ጫማ ይሁን ይላል፤ አሁን ያለው ሕንፃ ከዚያ እምብዛም አልራቀም፤ በሜትር ወደ 88 በ12 ነው፣ የውስጡ ከፍታ ወደ 24 ሜትር። እዚያው ሰነድ ላይ ግን ንጉሡ የበዛ ቅርጻ ቅርጽና ጥልፍልፍ ጌጥ እንዳይደረግ፣ ሥራው ንጹሕና ጠንካራ እንዲሆን ያዛል። አሁን ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱን ጫፎች አወዳድሩ። መዘምራኑ የሚቀመጡበት ምሥራቁ ግድግዳ ከጌጥ የጸዳ ነው፤ የንጉሡ ቃል ተከብሯል። ምዕራቡ ግን በቱዶር ቤተሰብ (በሄንሪ ሰባተኛ ወገን) ዓርማ ታጭቋል፦ ዘውድ የደፋ ጽጌረዳ፣ ዘውድ የደፋ የምሽግ ፍርግርግ በር፣ ጋሻ የያዙ ዘንዶና የአደን ውሻ። ቅርጹ ጥልቅ ነው፤ ከጀርባው መሮ ገብቶ ፈልፍሎታል፣ አንዳንዱ ቅጠል በቀጭን አንገት ብቻ ተያይዞ የቀረ ነው። የእጅ ጥበቡ ድንቅ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እግዚአብሔር ቤት ከሚናገረው ይልቅ ስለ ከፋዩ የሚናገረው ይበልጣል።

ሦስተኛው ምልክት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመስኮቶቹ መካከል ከወለሉ እስከ ጣሪያው መነሻ የሚወጡ ቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች አሉ። እያንዳንዱ ዘንግ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚሸከመው የጣሪያ ጎድን (በጣሪያው ላይ የሚሄድ ጎባጣ የድንጋይ ዘንግ) ሊኖረው ይገባል፤ ግንበኛ ያለ ሥራ ዘንግ አያቆምም። በምሥራቁ በኩል ያሉት የዘንግ ስብስቦች ግን ከማራገቢያው ጣሪያ ጋር በትክክል አይገጥሙም። የሕንፃ ታሪክ አጥኚዎች ከዚህ ተነሥተው የመጀመሪያው ዋና ግንበኛ ሬጂናልድ ኢላይ ያሰበው ጎድኖቹ እየተሻገሩ መረብ የሚሠሩበትን የጣሪያ ዓይነት እንደነበር ይናገራሉ። ማራገቢያው የመጣው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ከጆን ዋስቴል ጋር ነው።

ውሉ የተፈረመው በ1512 ነው። ዋስቴልና ሄንሪ ሰማርክ አሥራ ሁለቱን ክፍሎች በሦስት ዓመት ሊጨርሱ ተስማሙ፤ ለአንድ ክፍል 100 ፓውንድ፣ በድምሩ 1,200። ድንጋዩ የዌልደን እንዲሆን ተወስኗል፤ ድንጋይ፣ ኖራ፣ አሸዋና ጉልበት በግንበኞቹ ወጪ። በቃላቸው መሠረት በ1515 አስረከቡ። የዛሬ ሥራ ተቋራጭ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

የዌልደን ድንጋይ ለምን ተመረጠ? ደቃቅ ቅንጣት ያለው፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚጠረብ፣ ውርጭ የማይሰነጥቀው ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ የኖራ ድንጋይ አዲስ ከካባው ሲወጣ ውስጡ እርጥበት አለው፣ በመጋዝና በመሮ በቀላሉ ይቆረጣል፤ አየር ላይ ሲቆይ እርጥበቱ እየወጣ ገጹ ይጠነክራል። ስለዚህ ጥርቡ ቶሎ ካልተሠራ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ጣሪያው። ማራገቢያው ከእያንዳንዱ ምሰሶ አናት ተነሥቶ እንደተገለበጠ ቀንድ እየሰፋ ይወጣል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጎድኖቹ ሁሉ ጉብጠታቸው አንድ ነው፤ ቀንዱን በየትኛውም ከፍታ ላይ አግድም ብትቆርጡት የክብ ቅስት ታገኛላችሁ። ስለዚህ በአንድ ረድፍ ያሉ ድንጋዮች በአንድ መለኪያ ይጠረባሉ። ዋና ግንበኛው ወለል ላይ በሙሉ ልኩ ይሥላል፣ ከስስ ጣውላ ቅርጹን ይቆርጣል፣ ጠራቢዎቹ ያንን እያስደገፉ ይደግሙታል። መረብ በሚሠራው ጣሪያ ግን እያንዳንዱ ጎድን የራሱ ጉብጠት፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የራሱ ማዕዘን አለው። ከታች ሲታይ ውስብስብ የሚመስለው ማራገቢያ ለጠራቢው የቀለለ ነው። ሦስት ዓመት የበቃውም በአንድ በኩል በዚህ ነው።

ችግር የመጣው ከክፍሉ ስፋት ነው። ማራገቢያ የሚወደው አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ክፍል ነው። እዚህ ግን ክፍሉ ወርዱ 12 ሜትር ሲሆን ርዝመቱ ወደ 7.3 ሜትር ብቻ ነው። ቀንዱ ወደ መሐል 6 ሜትር መሄድ ይችላል፤ ወደ ጎረቤቱ ግን ገና 3.65 ሜትር ሳይሞላ ከሌላው ቀንድ ጋር ይጋጫል። ዋስቴል ቀንዶቹን እዚያው፣ ከመስኮቱ አናት በላይ፣ ቆረጣቸው። ክቡ ሙሉ ሆኖ አያልቅም ማለት ነው። በየምሰሶው ትክክል ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሻገር ወፍራም ቅስት አስገብቶ ጣሪያውን በክፍል በክፍል ከፋፈለው። አንዳንድ ባለሙያ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ ለንደን፣ ዌስትምንስተር ካለው የሄንሪ ሰባተኛ ቤተ ጸሎት ጋር ሲነጻጸር ረቂቅነት ይጎድለዋል ይላሉ። በኔ ግምት ግን ቅስቶቹ ባይኖሩ 88 ሜትር ሙሉ አንድ ዓይነት ጥልፍ ዓይን ያታክት ነበር። ቅስቶቹ ለዓይን ምት ይሰጡታል።

አሠራሩ ከታች ወደ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ግን ከላይ የእንጨት ጣራው ይገጠማል። ይህ ቅደም ተከተል ለብዙ ሰው ይገርመዋል። የኦክ እንጨቱ ጣራና የእርሳስ ብረት ክዳኑ ቀድመው ስለሚያልቁ ግንበኞቹ ዝናብ ሳይነካቸው፣ ኖራው ሳይታጠብ ይሠራሉ። ከዚያ የቀንዱ የታችኞቹ ድንጋዮች ይቀመጣሉ፤ እነዚህ መደባቸው አግድም ሆኖ ወደ ግድግዳው ውስጥ ገብተው የተያዙ ስለሆኑ ከሥር ድጋፍ አይፈልጉም። ከፍ እያለ ሲሄድ ረድፎቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ያኔ የእንጨት ድጋፍ ያስፈልጋል። ከቀንዱ ጀርባ፣ በቀንዱና በግድግዳው መካከል ያለው ጎድጓዳ ደግሞ በፍርስራሽ ድንጋይና በኖራ ይሞላል። ይህን ሙሌት ከታች ማንም አያየውም፤ ያለ እሱ ግን ቀንዱ ወገቡ ላይ ወደ ውጪ ሊፈነዳ ይችላል።

የመጨረሻው ክፍል መሐሉ ነው፤ አራት ቀንዶች ሲገናኙ መካከላቸው ላይ የሚቀረው ጠፍጣፋ ቦታ። የቀንዶቹ የላይኛው ጠርዝ የሚገፋው ነገር ካላገኘ ወደ መሐል ይወድቃል። ጠፍጣፋው ሳንቃ ያንን ግፊት ይቀበላል፣ በየክፍሉ መሐል ላይ ያለው ትልቁ እምብርት ድንጋይም ያጠብቀዋል። እያንዳንዱ እምብርት ወደ አንድ ቶን ይመዝናል፤ አንዱ ጽጌረዳ፣ ቀጣዩ የፍርግርግ በር፣ እየተፈራረቁ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው እምብርቱ ተንጠልጥሎ ጣሪያውን የሚጎትት ይመስለዋል፤ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ሽብልቅ ነው።

የጣሪያው ጠቅላላ ክብደት ወደ 2,000 ቶን ይጠጋል፤ ስስ በሆነበት ቦታ ግን ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንዴት አይሰበርም? በ1960ዎቹ የካምብሪጁ መሐንዲስ ዣክ ሄይማን ማራገቢያ ጣሪያዎችን ሲያሰላ ያገኘው ነገር መልሱን ይሰጣል፦ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ጫና ድንጋዩ ሊሸከም ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ድንጋዩ ደቅቆ አይወድቅም። የሚወድቀው ቅርጹ ሲለወጥ ነው፤ ማለትም ግድግዳው ወደ ውጪ ሲከፈት።

ግድግዳው እንዳይከፈት የሚይዙት በየጎኑ አሥራ አንድ፣ በድምሩ ሃያ ሁለት ደጋፊ ግንቦች ናቸው። ጣሪያው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል፤ ግፊቱ በቀንዱ በኩል ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ደጋፊው ይወርዳል። በደጋፊዎቹ አናት ላይ ያሉት ሹል ማማዎች ለጌጥ ብቻ አልቆሙም፤ ክብደታቸው የግፊቱን መስመር ወደ ታች ያጎነብሰዋል፣ ከግንቡ ሳይወጣ መሠረት ይደርሳል። ሁሉም ክብደት እዚህ ስለተሰበሰበ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ሥራ ፈት ሆነ፤ ስለዚህ መስታወት ሊሆን ቻለ። ከታች በደጋፊዎቹ መካከል የቀረውን ክፍት ቦታም ዘግተው አሥራ ስምንት ትንንሽ ጸሎት ቤቶች አወጡበት።

በእንዲህ ያለ ጣሪያ ላይ ስንጥቅ ቢታይ አያስደነግጥም። ድጋፉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲከፈት መሐሉ ላይ ከታች፣ ግድግዳው አጠገብ ከላይ ይሰነጠቃል፤ ጣሪያው ከአዲሱ ስፋት ጋር የሚስማማው በዚህ መንገድ ነው። የሚያስጨንቀው በየዓመቱ የሚሰፋ ስንጥቅ ነው። ትልቁ ጥፋት ደግሞ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ነው። ሲሚንቶ ከኖራ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ እንቅስቃሴ ሲመጣ የሚሰበረው ድንጋዩ ይሆናል፤ እርጥበትም ያፍናል። የኖራ ምርጊት ከድንጋዩ ለስለስ ስለሚል መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው፣ እሱን መተካት ደግሞ ቀላል ነው። ብረትም ሌላው ጠላት ነው፤ በድንጋይ መካከል የገባ ማያያዣ ብረት ሲዝግ ያብጥና ማዕዘኑን ይፈነቅላል።

ከድንጋዩ ጣሪያ በላይ፣ ከእንጨቱ ጣራ በታች፣ ሰው የሚሄድበት ባዶ ቦታ አለ። ከዚያ ሲታይ ማራገቢያው ተገልብጦ የተደረደረ ጉድጓድና ጉብታ ነው፤ ጌጡ ሁሉ ከታች ቀርቷል። ከእንጨቱ በላይ ያለው እርሳስ ነው። እርሳስ ዝናብ ይከለክላል፣ ግን በፀሐይ ይለጠጣል በብርድ ይሰበሰባል፤ በራሱ ክብደትም ቀስ እያለ ወደ ታች ይሳባል። ሰፊ ሆኖ ከተቆረጠ በመቶ ዓመት ውስጥ ይቀደዳል። የዚህ ቤት እርሳስ በቅርቡ ሲለወጥ አጋጣሚውን በመጠቀም በ2023 በጣራው ላይ 438 የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳዎች ተገጠሙ። መልኩን ያበላሻል ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ከመሬት ሲታይ የጣራው አጥር አብዛኛውን ይሸፍነዋል፤ ክርክሩ ከታየው ነገር በላይ ጮኸ።

ወደ መስኮቶቹ። ሃያ ስድስት ትልልቅ መስኮቶች አሉ፤ ሥራው ከ1515 እስከ 1531 ወሰደ። መጀመሪያ የያዘው የንጉሡ መስታወት ሠሪ ባርናርድ ፍላወር ነው፤ በ1517 ሲሞት የጨረሰው አራት ብቻ ነበር። በ1526 በተፈረሙ ውሎች ሥራው ለጋሊዮን ሆንና ለሌሎች ተከፋፈለ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዝቅተኞቹ አገሮች (ከዛሬዎቹ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ) የመጡ ወይም የዚያን አካባቢ አሠራር የተማሩ ናቸው። ክፍያው በካሬ ጫማ 16 ፔንስ ነበር። የምዕራቡ መስኮት ግን እስከ 1879 ሥዕል አልነበረውም፤ አሁን ያለው ክሌይተንና ቤል የተባለው የመስታወት ሥራ ድርጅት ሥራ ነው፣ ቀለሙም ከሌሎቹ ወዲያው ይለያል።

ለማንበብ ከሰሜን ምዕራብ ጥግ ጀምሩ፤ በሰሜኑ ግድግዳ ወደ መሠዊያው ሂዱ፣ በደቡቡ ተመለሱ። የጎኑ መስኮት ሁሉ ቁመቱ በሁለት ይከፈላል፤ ወርዱ በአምስት። ግራና ቀኝ ባሉት ጥንድ ጥንድ ክፍሎች አራት ሥዕሎች አሉ፤ በተለመደው አደራደር ከታች የሐዲስ ኪዳን ታሪክ፣ ከላይ ያንን አስቀድሞ ያመለከተው የብሉይ ኪዳን ታሪክ። መሐለኛው ክፍል ላይ ጽሑፍ የያዙ መልእክተኞች ቆመዋል። ዮናስን ከዓሣው ሆድ ሲወጣ ስታዩ ከሥሩ የትንሣኤውን ሥዕል ፈልጉ። ምሳሌውንና ፍጻሜውን አጣምሮ ማንበብ ለኛ አዲስ አይደለምና ከብዙ ጎብኚ ቀድማችሁ ትረዱታላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሹ ንድፍ ይጸድቃል፤ ከዚያ በሙሉ ልክ ይሣላል፣ እርሳሱ የሚያልፍበት መስመርም አብሮ። መስታወቱ በቀለም ቀለሙ ተመርጦ በሥዕሉ ላይ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በብረት መንጠቆ እየተቆረቆረ ይስተካከላል። ሰማያዊና አረንጓዴ ውስጣቸው ድረስ ቀለም ናቸው። ቀይ ግን በሙሉ ውፍረቱ ቢሠራ ብርሃን አያሳልፍም፣ ጥቁር ይመስላል፤ ስለዚህ በነጭ መስታወት ላይ ስስ ቀይ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ ሲፋቅ ነጩ ብቅ ይላል፤ በቀይ ልብስ ላይ ነጭ ጌጥ ያያችሁበት ቦታ ሁሉ እንዲህ የተሠራ ነው። ቢጫው የብር ውህድ ነው፤ በመስታወቱ ጀርባ ተቀብቶ ሲጋገር ከሎሚ እስከ ብርቱካን ቀለም ይሰጣል። ፊት፣ ፀጉርና የልብስ እጥፋት የሚሣለው በብረት ዱቄትና በተፈጨ መስታወት ነው፣ እሱም ምድጃ ይገባል። እሳቱ ካነሰ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ይረግፋል፤ ከበዛ መስታወቱ ይቀልጣል። በአንዳንድ አሮጌ መስኮት ላይ ዓይንና አፍ የሌለው ፊት የሚታየው እሳቱ ስላነሰው ነው። በመጨረሻ ቁርጥራጩ በእርሳስ ቦይ ይታሰራል፣ ከጀርባ ባለ የብረት ዘንግ ላይ ይጠመዳል። እርሳሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆይ ይደክማል፣ መስኮቱ ሆዱን ይነፋል፤ ያኔ አውርዶ እንደገና ማሰር ግድ ነው።

እነዚህ መስኮቶች መትረፋቸው ራሱ ተአምር ቢባል አይበዛም። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1643፣ ሥዕል እያፈረሰ ይዞር የነበረው ዊልያም ዳውሲንግ እዚህም መጥቶ ነበር፤ የሚፈርሱ ሥዕሎች አንድ ሺህ ብሎ መዝግቧል። አልፈረሱም። ወታደሮች ውስጡ ሰልፍ ይለማመዱ ነበር፣ ግድግዳው ላይ የጫሩት ጽሑፍ አለ፣ መስታወቱን ግን አልነኩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ከምዕራቡ በቀር የጥንቶቹ መስታወቶች ወርደው በከተማው በተለያየ ቦታ ተከማቹ።

ቤቱን ለሁለት የሚከፍለው የኦክ መከለያ ቀኑን ራሱ ይናገራል። ሄንሪ ስምንተኛና አን ቦሊን የተጋቡት በ1533 ነው፤ እሷ የተገደለችው በግንቦት 1536። መከለያው ላይ የሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተጠላልፈው ተቀርጸዋል፤ ስለዚህ ሥራው ከነዚህ ዓመታት ሊወጣ አይችልም። ቅርጹ ከድንጋዩ ጋር አንድ ዘር አይደለም፤ ክብ ቅስት፣ የጥንት ሮም ዓይነት ዓምድና የተጠማዘዘ ሐረግ ነው። የመዘምራኑ መቀመጫዎች የታችኛው ክፍል የዚያው ዘመን ሲሆን፣ ከላያቸው ያለው መጋረጃ የሚመስለው እንጨት ግን በ1675 እና በ1678 መካከል በኮርኒሊየስ ኦስቲን የተጨመረ ነው።

በምሥራቁ ጫፍ የሠዓሊው ሩበንስ የሰብአ ሰገል ስግደት ሥዕል አለ፤ በ1634 የተሣለ፣ በ1961 ለኮሌጁ የተሰጠ። እሱን ለማኖር በ1968 የመሠዊያው ወለል ከፍታ ዝቅ ተደረገ፤ ያኔ የተነሣው ጭቅጭቅ ዛሬም አልበረደም። ሥዕሉ ታላቅ ነው። ቦታው ግን አይመቸውም፤ ከላዩ ያለው መስኮት ጠዋት ላይ ብርሃኑን ፊታችሁ ላይ ስለሚለቅ ከሥሩ ያለው ሥዕል ይጨልማል። ሥዕሉን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ መስኮቱን ለማየት ከሆነ ጠዋት።